ቴፑ አልተቃጠለም፣ ኮድ እየጠየቀ ነው

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት የጎረቤታችን ጎልፍ አልነሳም አለች። ደካማ ባትሪ ባለቤቱን የሚያዋርደው እንዲህ ብርድ በከረመበት ሰሞን ነው። ጋሼ (በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ) አዲስ ባትሪ አስገጠሙ፤ መኪናዋም በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ዜና ልስማ ብለው ቴፑን ሲከፍቱት ግን ድምፅ የለም፤ በጣቢያው ቁጥር ቦታ «ሴፍ» የሚል የፈረንጅ ጽሑፍ ብቻ ተደቅኗል። ባትሪውን የገጠመላቸው ልጅ «ተቃጥሏል ጋሼ፣ ሌላ ይግዙ» ብሎ ሸኛቸው። እሳቸውም ማታ በራችንን አንኳኩ። «አንተ እንዲህ ያለ ነገር ትነካካ የለ? እስቲ ና እይልኝ።»

አልተቃጠለም ነበር። በልጁም አልፈርድበትም፤ እንዲህ ያለ ቴፕ አጋጥሞት ለማያውቅ ሰው ነገሩ ከመቃጠል አይለይም። አዝራሩን ቢጫኑት አይመልስም፣ ካሴት ቢያጎርሱት አይጫወትም፣ ጣቢያ አይዝም። ቴፑ ግን ጤነኛ ነው። የቸገረው ነገር የሚነዳው ሰው ባለቤቱ ይሁን ሌባ አለማወቁ ነው፤ «ሴፍ» የሚለውም ተቆልፌያለሁ፣ የሚስጥር ኮዴን አስገቡልኝ ማለቱ ነው።

የመኪና ቴፕ ከጀርባው ሁለት የኤሌክትሪክ መስመር ይገባለታል። አንደኛው በመኪናው ቁልፍ በኩል የሚያልፍ ነው፤ ቁልፉን ስናዞር ይመጣል፣ ስናጠፋ ይሄዳል። ሌላው ከባትሪው ተነስቶ በፊውዝ በኩል በቀጥታ የሚመጣ ሲሆን መኪናው ቆሞ፣ ተቆልፎ፣ ባለቤቱ ተኝቶም አይቋረጥም። ከሱቅ በሚገዙ ቴፖች ላይ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ቀይ፣ ሁለተኛው ቢጫ ሽቦ ነው። የቢጫው ሥራ ቀላል ነው፤ የያዝናቸውን ጣቢያዎች፣ ሰዓት ካለው ሰዓቱን፣ ሌላም አንድ ነገር በቴፑ ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ማቆየት። ያ አንድ ነገር «ኮዱ ገብቷል፣ አጫውት» የሚል ምልክት ነው። ባትሪው ሲነቀል ወይም ፈጽሞ ሲሞት ቢጫው መስመር ይደርቃል፤ ጣቢያዎቹም ሰዓቱም ምልክቱም አብረው ይጠፋሉ።

ኮዱ ራሱ ግን አይጠፋም። እሱ የተጻፈው በሌላ ቦታ፣ ከባቄላ ፍሬ በማትበልጥ ስምንት እግር ባላት ቺፕ ውስጥ ነው። ይህች ቺፕ ያለ ኤሌክትሪክ ለዓመታት የተጻፈባትን አትረሳም። ስለዚህ «ኮዱ ተሰረዘ» የሚባለው ስሕተት ነው። የተሰረዘው ፈቃዱ ነው። የግቢ ዘበኛ ተረኛ ሲቀየር እንደሚሆነው አስቡት፤ የቀኑ ዘበኛ ፊታችሁን ያውቃል፣ ብትወጡ ብትገቡ አይጠይቅም። ማታ አዲስ ተረኛ ሲመጣ የነዋሪው መዝገብ እጁ ላይ ነው፣ እናንተን ግን አያውቃችሁም። መታወቂያ ይላል። ሃያ ዓመት እዚህ ኖሬያለሁ ብላችሁ ብትጮሁ አይሰማም።

ለምን እንዲህ ዓይነት ጣጣ ፈጠሩ? ምክንያቱ በጊዜው እውነተኛ ነበር። የመኪና ሬዲዮ ከጥንቱ ውድ ዕቃ ነው፤ በአሜሪካ የጋልቪን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1930 «ሞቶሮላ» ብለው ለገበያ ሲያወጡት የቅንጦት ነገር ነበር። ለሌባ ያመቻቸው ግን ዋጋው ብቻ አልነበረም። የጀርመኑ የደረጃዎች ተቋም ዲን የቴፕ ማስገቢያውን ቀዳዳ 180 በ50 ሚሊሜትር ብሎ ወሰነ፤ ያም ልክ በየአገሩ ተለመደ። ለባለመኪናው ትልቅ ጥቅም ነበር፤ የፈለገውን ቴፕ ገዝቶ ይሰካል። ለሌባውም እንዲሁ! ከአንዱ መኪና የነቀለውን ቴፕ በሌላው ላይ ይገጥምለታል፣ ለመንቀልም ሁለት ቀጫጭን ብረትና ግማሽ ደቂቃ ይበቁታል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ባለመኪኖች «ሬዲዮ የለም» የሚል ወረቀት መስኮታቸው ላይ ይለጥፉ ነበር፤ መስታወቴን በከንቱ አትስበር የሚል ልመና መሆኑ ነው። ሌሎች ቴፑን በማንጠልጠያው ስበው አውጥተው እንደ ምሳ ዕቃ ይዘውት ምግብ ቤት ይገቡ ነበር። ፊቱ ብቻ የሚነቀል ቴፕም የዚያው ዘመን ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያንን ፊት በኮት ኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ታስታውሱ ይሆናል።

ኮድ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው ሌባውን በመከልከል ላይ ስላልተመሠረተ ነው። ይሰርቃል፤ ነገር ግን ሲነቅለው ኤሌክትሪኩ ስለሚቋረጥ የወሰደው ዕቃ ደንቆሮ ሳጥን ይሆንበታል። ሐሳቡ ብልጥ ነው፤ ጉድለቱ ግን ሌባው ይህንን የሚያውቀው መስታወቱን ከሰበረ በኋላ መሆኑ ነው። የሚድነው የእናንተ ሳይሆን የሚቀጥለው ሰው ቴፕ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ ደግሞ የካሴት ወይም የሲዲ ቴፕ የሚሰርቅ የለም። አሜሪካ ውስጥ የጭስ ማውጫው ላይ ያለውን ማጣሪያ ይቆርጣሉ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ስፖኪዮ ይነቅላሉ። የቴፕ ሌባ ጡረታ ከወጣ ቆየ፤ ዘበኛው ግን በሥራው ላይ ነው፣ የሚያስቸግረውም ባለቤቱን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ከሁሉ በፊት የምለው አንድ ነገር ነው፤ በግምት አትነካኩ። 1234፣ 0000፣ የተወለዱበት ዓመት እያሉ መሞከር ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፣ ነገሩን የሚያባብሰውም እሱ ነው። ቴፖቹ ግምትን እንዲቀጡ ተደርገው ነው የተሠሩት። የጎልፍን የመሰሉ የፎልክስቫገን ቴፖች ሁለት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ለአንድ ሰዓት ይዘጋሉ። ብዙዎቹ የሬኖ ቴፖች በየስሕተቱ የመጠበቂያውን ጊዜ በእጥፍ ያሳድጉታል፤ አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት እያለ ይሄዳል። ባለ አራት አሃዝ ኮድ 10,000 አማራጭ አለው። በሰዓት ሁለት እየሞከራችሁ ሁሉንም ልትጨርሱ ብትነሱ 5,000 ሰዓት፣ ማለትም ያለ እንቅልፍ 208 ቀን ግድም ይወስድባችኋል። ዕድለኛ ከሆናችሁ በግማሹ።

የመጠበቂያው ሰዓት የሚቆጠረው ቴፑ በርቶ ሲቆይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መኪናውን አጥፍቶ አድሮ ሲመለስ ያው ነው፣ «እንዲያውም ለዘላለም ተቆለፈ» ይላል። ቸኩሎ ባትሪውን እንደገና የሚነቅለውም ቆጠራውን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። «ሴፍ» እንዳለ ከቀረ ቴፑን አብርታችሁ፣ ሳትነኩት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ተዉት። ባትሪው ደካማ ከሆነ ሞተሩን ደጅ ላይ አስነስታችሁ መጠበቅ ይሻላል እንጂ ሌላ ባትሪ መግደል አያስፈልግም።

ኮዱ የት ይገኛል? መኪናው አዲስ ሲሸጥ ኮዱ በትንሽ ካርድ ተጽፎ ከመመሪያው መጽሐፍ ጋር ይሰጣል። ካርዱ ላይ «መኪናው ውስጥ አታስቀምጡት» የሚል ማሳሰቢያ አለ፤ ሰው ሁሉ ደግሞ መኪናው ውስጥ ያስቀምጠዋል። እና ፍለጋው ከዚያ ይጀምራል፤ የመመሪያው መጽሐፍ የፊትና የኋላ ገጾች፣ የአገልግሎት ደብተሩ፣ ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት ያለው መሳቢያ ውስጥና ጎኑ፣ የሲጋራ መተርኮሻው ሥር ሳይቀር። የእኛ ችግር ግን መኪናው እኛ ዘንድ ሲደርስ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ባለቤቱ መሆናችን ነው። መጽሐፉ በሆላንድኛ ወይም በዐረብኛ ከሆነ ሰው እንደ ቆሻሻ ይጥለዋል፣ ካርዱም አብሮ ይሄዳል። ሊብሬ ሲዛወር የቴፕ ኮድ አብሮ ስጠኝ የሚል ገዢ አይቼ አላውቅም። በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉት አሮጌ መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ መዞራቸው ስለማይቀር ጥያቄውን ብንለምድ ጥሩ ነው።

ካርዱ ከሌለ መነሻው የቴፑ መለያ ቁጥር ነው። የመኪናው የሻንሲ ቁጥር ሌላ፣ የቴፑ ቁጥር ሌላ ነው፤ ሁለቱን የሚያደባልቅ ብዙ አለ። ፋብሪካው በየቴፑ መለያ ቁጥር አንጻር ኮዱን መዝግቦ ይዟል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ኮዱ ከቁጥሩ በቀመር የሚወጣ ነው። የሬኖ ቴፕ ጀርባ ላይ አንድ ፊደልና ሦስት አሃዝ የያዘ ቅድመ ኮድ አለ፤ ትክክለኛው ኮድ የሚሰላው ከእሱ ነው። ብዙዎቹ የፎርድ ቴፖች 1ኛውና 6ኛው አዝራር አብረው ሲያዙ በ«ቪ» ወይም በ«ኤም» የሚጀምር ቁጥር ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. የ1990ዎቹ የቶዮታ ቴፖች ይለያሉ፤ ኮዱን የሚያወጣው ፋብሪካው ሳይሆን ባለቤቱ ራሱ ነበር። አንድ የማታውቁት ሰው የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት በልቡ የያዘው ቁጥር መሆኑ ነው፤ እንግዲህ ፍረዱ።

ቀላሉ የሆንዳ ነው፤ በተለይ አሜሪካ ላላችሁ። ወንድሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው፤ አሮጌ አኮርድ አለችው። ባትሪ በቀየረ ማግሥት ደወለልኝ። «ኮድ ይለኛል፣ ጋራዡ ገንዘብ ክፈል እያለኝ ነው» አለ። «እንዳትከፍል» አልኩት። «ቁልፉን ሞተር ሳታስነሳ ኤሲሲ የሚል ጽሑፍ ያለበት ላይ አድርገው። ሬዲዮው ይጥፋ። አሁን 1ን እና 6ን አንድ ላይ ይዘህ የማብሪያውን ተጫን።» ጸጥ አለ። «ፊደል ያለበት ቁጥር መጣ» አለ። በ«ዩ» የሚጀምሩት አራቱ የመጀመሪያው ግማሽ፣ በ«ኤል» የሚጀምሩት አራቱ ቀሪው ግማሽ ናቸው፤ ፊደላቱ ተትተው ስምንቱ አሃዞች ብቻ ይጻፋሉ። ያንንና 17 ምልክት ያለውን የሻንሲ ቁጥር ይዞ ሆንዳ ራሱ ለአሜሪካ ባለመኪኖች ባዘጋጀው ድረ ገጽ ላይ ሞላ፤ ኮዱን በነጻ አገኘ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ነበር ያለቀለት። አዝራሮቹ ተይዘው ቁጥሩ ካልወጣ ቴፑ የቆየ ዓይነት ነው ማለት ነው፣ ወጥቶ ጀርባው ላይ ያለው ወረቀት መነበብ አለበት።

ስለ ሆንዳ አንድ የምወዳት ነገር ልጨምር። ኮዱ ባለ አምስት አሃዝ ስለሆነ ከባለ አራቱ የበለጠ ጠንካራ ይመስላል። የሚገባው ግን በስድስቱ የጣቢያ አዝራሮች ስለሆነ ከ1 እስከ 6 ያሉ አሃዞችን ብቻ ይይዛል። ስድስት በራሱ አምስት ጊዜ ሲባዛ 7,776 ነው፤ ከባለ አራት አሃዙ 10,000 ያንሳል። ይህ ማለት ግን ገምቱ ማለት አይደለም፤ አሥር ጊዜ ስትሳሳቱ እሱም ይዘጋል። ደግሞ ማንም የሰጣችሁ «የሆንዳ ኮድ» ውስጥ 7፣ 8፣ 9 ወይም 0 ካለበት የሰጣችሁ ሰው እያሞኛችሁ ነው።

አዲሶቹ ሆንዳዎች ላይ ኮድም አያስፈልግም፤ የማብሪያውን አዝራር ከሁለት ሰከንድ በላይ ይዞ መቆየት ነው። ቴፑ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ይነጋገራል፣ የድሮ ቤቱ መሆኑን ሲያውቅ ይከፈታል። ሌሎች ፋብሪካዎችም ወደዚህ ዞረዋል፤ የኋለኞቹ ፎልክስቫገኖች ቴፑ ወደዚያው መኪና ሲመለስ ምንም አይጠይቁም። ጥያቄው የሚነሳው ሌላ መኪና ላይ ሲገጠም ብቻ ነው። ከመጀመሪያውም እንዲህ መሆን ነበረበት። በአንጻሩ ከጃፓን በቀጥታ የሚገቡ አንዳንድ የቶዮታ ናቪጌሽኖች ባትሪ ሲነቀል የይለፍ ቃል በጃፓንኛ ይጠይቃሉ፤ ኬንያ ውስጥ የታወቀ ራስ ምታት ነው። እኛ በቀኝ ስለምንነዳና መሪያችን በግራ ስለሆነ እምብዛም አይደርሱንም።

ድረ ገጽም፣ ወኪልም የማይገኝለት ሰው ቴፑን ወደ ኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ይወስዳል። ባለሙያው ቀደም ብዬ የጠቀስኳትን ባለ ስምንት እግር ቺፕ በማንበቢያ አንብቦ ኮዱን ያወጣል፤ ለሚያውቅ ሰው ረጅም ሥራ አይደለም። ጠንቃቃ ባለሙያ ሊብሬያችሁን አሳዩኝ ይላል፤ ይህን የሚጠይቀውን አትቀየሙት። መጠንቀቅ ያለባችሁ በቴሌግራምና በፌስቡክ ቡድኖች ውስጥ ነው። የቴፑንና የሻንሲውን ቁጥር አንድ ላይ ፎቶ አንስቶ «እባካችሁ ኮድ» ብሎ በአደባባይ መለጠፍ የቤትን ቁልፍ ቅርጽ እንደ መለጠፍ ነው። መጀመሪያ ክፈል፣ ኮዱን በኋላ እልካለሁ የሚለውንም ተዉት።

ደግሞ ባትሪው ሳይነካ ቴፑ በየጠዋቱ ኮድ የሚጠይቃችሁ ከሆነ ችግሩ ኮዱ አይደለም። ያ ቢጫ መስመር ተቋርጧል ማለት ነው። መጀመሪያ የሚታየው ፊውዙ ነው፤ የመኪናው የውስጥ መብራት ወይም ሰዓት አብሮ የሞተ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ፊውዙ ደኅና ከሆነ ቴፑን በቅርቡ የነካካ ሰው ቀዩንና ቢጫውን አለዋውጦ ሰክቷቸው ይሆናል። ሌላም አለ፤ ያረጀ ባትሪ ሞተር በሚነሳበት ቅጽበት በጣም ስለሚዳከም ቴፑ ኤሌክትሪክ የተቋረጠ ይመስለዋል። በክረምት ጠዋት ብቻ ኮድ የሚጠይቅ ቴፕ ባትሪው ሊሞት ነው የሚል መልእክት እያደረሰላችሁ ሊሆን ይችላል።

ባትሪ ከማስነቀል በፊት ኮዱ እጃችሁ ላይ እንዳለ አረጋግጡ፤ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ከሌለ በሲጋራ መለኮሻው ወይም መካኒክ ኮምፒውተሩን በሚሰካበት የመመርመሪያ ሶኬት ተሰክቶ መኪናውን በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚያቆይ ዕቃ ይሸጣል። በመለኮሻው የሚሠራው ግን ቁልፍ ሲጠፋ መለኮሻቸው በሚሞት መኪኖች ላይ ዋጋ የለውም። ይህ ዕቃ ተሰክቶ ሳለ የተነቀለው የፖዘቲቭ ገመድ ጫፍ ሕይወት አለው፤ የመኪናውን ብረት ቢነካ ፊውዝ ያቃጥላል፣ ስለዚህ በጨርቅ ወይም በላስቲክ ይጠቀለል።

የጋሼ ጎልፍ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራች ሦስተኛው ትውልድ ነች፤ መጽሐፍም ካርድም የላትም። በፊቱ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ሁለቱን የማውጫ ብረቶች አስገብቼ ቴፑን ከክሩስኮቱ ሳብኩት። ጀርባው ላይ የፋብሪካው መለያ ቁጥር ያለበት ወረቀት አለ፤ ከጎኑ፣ ብረቱ ላይ፣ አንድ የጀርመን መካኒክ መሆን አለበት፣ በማርከር አራት አሃዝ ጽፏል። ደስ አለኝ። መልሼ ሰካሁት፣ 1000 የሚል ሲመጣ ከ1 እስከ 4 ባሉት አዝራሮች እያንዳንዱን አሃዝ አስተካክዬ አጸናሁት። «ሴፍ»።

አንድ ሙከራ ቀረኝ። ጋሼ ከአጠገቤ ቆመው በዝምታ ያዩኛል። ቴፑን እንደገና አውጥቼ ጽሑፉን በስልክ መብራት አየሁት። መጀመሪያ 7 ብዬ ያነበብኩት አሃዝ ወገቡ ላይ መስመር የለውም። ጀርመኖች 7ን ወገቡ ላይ ያሰምሩበታል፤ 1ን ደግሞ ራሱን ረጅም አድርገው ስለሚጽፉት ለእኛ ዓይን 7 ይመስላል። 7 ያልኩት 1 ነበር። አስተካክዬ አስገባሁ፣ አጸናሁ፣ ጥቂት ቆየና «ሽሽ» ማለት ጀመረ። አዝራሩን ይዤ ሸገር 102.1 ላይ አቆምኩላቸው።

ኮዱን ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠኋቸው፤ በሊብሬው ፎቶ ኮፒ ጀርባ እንዲለጥፉትና ቤት እንዲያስቀምጡት ነገርኳቸው። ሊወጡ ሲሉ ባትሪው ሲነቀል ዜሮ የሆነውን የክሩስኮቱን ሰዓት አሳዩኝ። «በእኛ ሰዓት ሙላልኝ።» ከምሽቱ 2 ሰዓት ነበር፤ 2:00 አደረግኩት። ጠዋት ሥራ ሲሄዱ 14:00 ብሏቸው እንደገና በራችንን አንኳኩ።